የ218 ቁጥር ብልቃጥ

ጌንት፣ ቤልጅየም
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ በላይነህ፣
እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኪዳነ ምሕረት እርስዎንም ሐመልማልንም መላ መንደሩንም ትጠብቅልኝ። ከጻፍኩልዎ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ጥፋቴን ስለማውቅ ሰበብ አልደረድርም። አባቴ በሕይወት ሳለ «ዘመድ ሁሉ ቢጠፋህ የአክስቴን ልጅ በላይነህን እንዳታጣ» ይለኝ ነበር።

ስልክ ላይ ጆሮዎ ስለማይረዳዎ ደብዳቤውን ለሰዓዳ ልኬላታለሁ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ትሰጥዎታለች። መልስዎን በእጅዎ ከጻፉት ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። የእጅ ጽሑፍዎን ማየት ደግሞ ለኔ ሌላ ደስታ ነው።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ለትምህርት ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴ ቢሆንም የሕክምና መምህርነቴ እዚያው ዩኒቨርሲቲያችን ነው። የሥራ ባልደረባዬ ዶክተር ወልደ ሐዋርያት በእንጦጦ መንደሮች የሳንባ ነቀርሳ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያጠና ምርምር ጀምሯል። ሰዎቹ ቤት ለቤት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ አክታ ተቀብለው ያስመረምራሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ውጤት ይነገረዋል፤ የታመመ ከተገኘም ወዲያው ሕክምና ይጀምራል።

መንደሩ ለማያውቀው ሰው በሩን እንደማይከፍት እኔም እርስዎም እናውቃለን። የእድሩ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት። «የፍቅረማርያም ሰዎች ናቸው» ብለው ከኋላቸው ቢቆሙልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪ ልጅዎ
ፍቅረማርያም


እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅረማርያም፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስህ። እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። ደብዳቤህን ሰዓዳ በትልልቅ ፊደል አትማልኝ ያለ መነጽር አነበብኩት። የጠፋህበትን ምክንያት ስላልደረደርክ ደስ ብሎኛል፤ ብትደረድር አላምንህም ነበር።

እንግዶችህ መጥተው ሄዱ። ዶክተር ወልደ ሐዋርያት ጨዋ ሰው ይመስላል። ከመኪና ወርዶ ከሽማግሌዎች ጋር ፎቶ ተነሣ፣ ጫማው ጭቃ ሲነካ ደንገጥ አለ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ሄደ። ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች ከሌላ መኪና ጋር ትቶልን ነበር። እኔም የእድሩን መዝገብ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

የኛን መዝገብ ታውቀዋለህ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም አለበት። አባል ሲሞት ግን ስሙን አንፍቅም፤ ሚስቱ በሱ ስም ትቀጥላለች። ሐዘን ላይ ለተቀመጠች ሴት «ባልሽን ከመዝገብ አውጥተነዋል» ብሎ መንገር ማን ይደፍራል? እኔ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀል አደርግበታለሁ፣ ያለቀለት ነገር ነው። መስቀል ያለባቸው ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው የካ አባዶ የገቡት ሃያ ሦስት አባወራዎችም ስማቸው እዚሁ ነው፤ ለእድሩ ስብሰባ በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። ይህንን ሁሉ ለሰብሳቢዎቹ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። «መስቀል ያለበትን ሚስቱን ጠይቁ» አልኳቸው። «እሺ አባት» ብለው መዝገቡን ገጽ በገጽ በስልካቸው ፎቶ አነሡት።

በዚያው ቀን የስድሳ አራት ሰው አክታ ተሰበሰበ። ክዳን ባላቸው ብልቃጦች ላይ ስምና የእድር ቁጥር የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ብልቃጥ ላይ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። በማግስቱ እንመለሳለን ብለው ነበር፣ አልተመለሱም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።

ስለ ሐመልማል ልንገርህ። የሟች እህቴ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ፤ ዛሬም ከኔው ግቢ ናት፣ ዛሬም ከጫካው የማገዶ ቅጠል ጠርጋ ተሸክማ ወርዳ ትሸጣለች። ከሐምሌ ጀምሮ ትስላለች። ጤና ጣቢያ ሂጂ ባልኳት ቁጥር «ወረፋ ጠብቄ ስውል ምን ልበላ?» ትለኛለች። አሁን ግን የላክሃቸው አንተ ነህ ስላልኳት እሺ ብላ ሰጠች። ቁጥሯ 218 ነው። ውጤቱ ሲመጣ የሷን አስቀድመህ ላክልኝ።

በላይነህ አየለ


ጌንት
ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ በላይነህ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ያደረጉልንን ትብብር ዶክተር ወልደ ሐዋርያት በአድናቆት ነግሮኛል። «እንደዚህ ያለ የተደራጀ መዝገብ በየትም አላየሁም» ብሏል።

ናሙናዎቹ በምርመራ ሂደት ላይ ናቸው። የላቦራቶሪ ጫና ስላለ ትንሽ መዘግየቱን እንዲረዱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሐመልማልን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ
ፍቅረማርያም


እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅረማርያም፣

እንደምን ሰነበትክ? ከትናንት ወዲያ ኪዳነ ምሕረትን አነገሥን። ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ነበር፤ ከየካ አባዶ የመጡት በእግራቸው መንገድ የጀመሩት ሌሊት ነው። አንተንም በስምህ አስጠርቼ ጸሎት አስደርጌልሃለሁ።

ሁለት ሳምንት ያልከው ሦስት ወር ሆነ። ሰው በመንገድ ያቆመኝና «ጋሼ፣ ያ የሰጠነው ነገር ምን ደረሰ?» ይለኛል። እኔ ሞኝ ሆኜ «ይመጣል» እላለሁ። ሌላው ይቅርና የሐመልማል ነገር አሳስቦኛል። ሳሏ ወደ ደረቷ ወርዷል፣ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት መልስ አላት። «የዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መርምረውኛል እኮ! ብታመም ይነግሩኝ አልነበር?» ትላለች። ዝም መባሏን ጤነኛ ነሽ እንደተባለች ቆጥራዋለች። ምን ብዬ ልከራከራት?

የስድሳ አራቱን ሰው አልጠይቅህም። የአንዷን ብቻ፣ የ218ን ውጤት ጠይቅልኝ። በአንድ መስመር ይበቃኛል።

በላይነህ


ጌንት
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ በላይነህ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ስለ ሐመልማል ዶክተር ወልደ ሐዋርያትን ጠይቄዋለሁ። ምንም ችግር የለባትም፣ ነጻ ናት ብሎኛል። ሳሉ ከብርዱ ወይም ከጭሱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ልብዎ ይረፍ።

አሁን ደግሞ አንዲት ነገር ላስቸግርዎ። የጥናቱ ጽሑፍ በውጭ አገር ጆርናል ሊታተም ተቃርቧል። ጆርናሉ «ውጤቱ ለተሳታፊዎች ስለመመለሱ ከማኅበረሰቡ ማረጋገጫ ይቅረብ» ብሏል። የደብዳቤውን ረቂቅ ለሰዓዳ ልኬላታለሁ። የእድሩን ማኅተም አሳርፈው፣ ፈርመው ቢሰጧት በዕለቱ ይደርሰናል። የቀሩት ሰዎች ውጤት ከጽሑፉ መታተም ጋር ወዲያው ይመጣል። ማኅተሙ የሚቀድመው ለአሠራር ያህል ነው።

ልጅዎ
ፍቅረማርያም


እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅረማርያም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ደብዳቤህን ለሐመልማል ሳነብላት «አላልኩም ነበር?» ብላ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። በማግስቱ ወደ ጫካዋ ወጣች። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ጤና ጣቢያ አንሥቼባት አላውቅም።

ማኅተሙን አድርጌልሃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ቶሎ እሺ አላለኝም። ያልመጣ ውጤት «መጥቷል» የሚል ወረቀት ላይ ማኅተም አሳርፌ አላውቅም። ካርድ ክፍል ሳለሁ አለቃዬ እንዲህ ያለ ነገር ቢያዝዘኝ ካርዱን ፊቱ ላይ አስቀምጬለት እወጣ ነበር። ግን የጠየቅከኝ አንተ ነህ፤ የ218ንም ነገር እንደቃልህ ነግረኸኛል። የሌሎቹን አደራ።

በላይነህ


እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ፍቅረማርያም፣

«ልጄ» ብዬ ልጀምር ሁለት ጊዜ ሞክሬ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ ጋብ ሲል ሐመልማል ቅጠል ልትጠርግ ወጣች። ጎርፉ ከመኪናው መንገድ በታች ያለውን ቦይ ቦርቡሮት፣ ከአፈሩ ውስጥ አንድ ጥቁር ላስቲክ ጫፉ ወጥቶ አየች። ስትጎትተው ተቀደደ። ብልቃጦቹ እግሯ ሥር ተዘረገፉ። አብዛኞቹ ክዳናቸው እንደተገጠመ ነው። ስምንት ወር ላስቲክ ውስጥ የከረመ የሰው አክታ ምን እንደሚመስልና ምን እንደሚሸት አልጽፍልህም፤ ዶክተር ትባላለህና መገመት አያቅትህም።

ማንበብ ትችላለች፣ ታውቃለህ። የራሷን ፈልጋ አገኘችው። በቅጠል ይዛው መጣችና ደጃፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ይኸው ውጤቴ መጣ።»

«ሐመልማል ግዛው፣ 218» ይላል። ጽሑፉ የኔ ነው። ዝናብም አፈርም አላጠፋውም። እንዲያ አሳምሬ በመጻፌ ራሴን ተጸየፍኩት። ሰዎቹ ከመንደራችን ሳይወጡ፣ በዚያው ቀን፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መኪና አቁመው ጥለውት ነው የሄዱት። ስድሳ አራት ሰው ከደረቱ ያወጣውን ነገር! ቆሻሻ እንኳ በወጉ ይጣላል።

ብልቃጡን ትቼ ወደ ሰዓዳ ወረድኩ። ጽሑፋችሁን ከኢንተርኔት ፈልጋ አወጣችው፤ በሰኔ ታትሟል። እያነበበች ታስረዳኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተጠይቆ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም መልሷል ይላል። መቶ ፐርሰንት።»

«ስንት አልሽ?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

ቁጥሩን ደግማ ስትጠራው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የኔ መዝገብ ነው። ሙታኑም፣ የካ አባዶ የገቡትም፣ ሁሉም አሉበት። በእርሳስ ያደረግኳቸውን መስቀሎች ያያቸው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ስጠራ የተጠራው ሁሉ አቤት ያለበት አንድም ቀን አላየሁም። እናንተ የመቃብር ሰው ሳይቀር አቤት አሰኛችሁ።

ከጽሑፉ ጋር ሌላ ትልቅ ሠንጠረዥ ተያይዟል። የእያንዳንዱ ሰው መልስ በተራ ቁጥሩ ተቀምጧል፣ ቁጥሩም የእድሩ ቁጥር ነው። ሰዓዳን 57 ቁጥርን ፈልጊልኝ አልኳት። 57 ባሻ ኢዶሳ ናቸው። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ያረፉትም እዚሁ ኪዳነ ምሕረት ነው፣ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። በናንተ ሠንጠረዥ ግን ባለፈው ኅዳር ተጠይቀው «ሲጋራ አላጨስም፣ አልስልም፣ ውጤቴ በጊዜው ደርሶኛል፣ በአገልግሎቱ ረክቻለሁ» ብለዋል። አለመሳላቸው እንኳ እውነት ነው፣ እሱን አልከራከርም።

የደራሲዎቹን ስም አንብቢልኝ አልኳት። ገጹን ወደ ታች ገፋችው። «አንብቢ» አልኳት። አንደኛ ዶክተር ወልደ ሐዋርያት። ሁለተኛ አንተ።

ባልደረባዬ የጀመረው ምርምር ነው ነበር ያልከኝ። ስምህ እንዳለበት በሦስት ደብዳቤ አንድ ቃል አልተነፈስክም። መጨረሻው ላይ ለእድራችን ምስጋና አላችሁ። «ውጤቱ ለተሳታፊዎች ስለመመለሱ ማኅበረሰቡ በማኅተም አረጋግጧል» ይላል። ያ ማኅተም የኔ ነው። እናንተን ስጸየፍ እዚህ ቃል ላይ እደርስና ወደ ራሴ እዞራለሁ።

በማግስቱ ሐመልማልን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አሁን አልተከራከረችኝም። ሶሬቲ የምትባል ነርስ መረመረቻት። ቲቢ ነው። ሁለቱም ሳንባዋ ተበልቷል። ሶሬቲ ፎቶውን እያየች «እናቴ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» ብትላት፣ ሐመልማል ምን አለች መሰለህ?

«ዩኒቨርሲቲ» አለቻት።

መድኃኒት ጀምራለች። ብልቃጦቹን ሶሬቲ ጓንት አድርጋ ሰብስባ አስቃጥላቸዋለች። የሐመልማልን ብቻ ለምኜ አስቀረሁ፤ ውስጡን አጽድታ፣ በበረኪና ዘፍዝፋ ሰጠችኝ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። መጋቢት ላይ «ነጻ ናት» ስትለኝ ውጤቷን ዓይተህ ነበር?

በላይነህ አየለ


ጌንት
መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ በላይነህ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አሸጋገረዎ። ይህንን ደብዳቤ ሁለት ወር ሙሉ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነው።

አላየሁም። ዶክተር ወልደ ሐዋርያትን የጠየቅኩት በስልክ ነው። መኪና እየነዳ ነበር። «218? ምንም የለባትም በላቸው» አለኝ። ሳያይ እንደተናገረ አውቄያለሁ። ግን ጠይቄያለሁ ለማለት ያህል በቃኝ።

ጋሼ፣ የኛን ነገር ይረዱልኝ። ዩኒቨርሲቲው የሚለካው በዓመት በሚያወጣው ጽሑፍ ብዛት ነው። ዲኑ ኮሪደር ላይ ሲያገኝህ «ምን ፈወስክ?» አይልህም፣ «ስንት አወጣህ?» ነው የሚልህ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የጎደለችኝ አንዲት ጽሑፍ ነበረች። ወልደ ሐዋርያት መረጃውን ያመጣል፣ እኔ መግቢያውንና ማጠቃለያውን እዚህ ሆኜ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ስምምነታችን ይኸው ነበር። ሠንጠረዡ ሲደርሰኝ መቶ ፐርሰንት የሚለውን ዓይቼ ደንግጬ ነበር። ዝም አልኩ። ያቺን መንደር ከሱ ይልቅ እኔ አውቃታለሁ፤ ባሻ ኢዶሳንም አውቃቸው ነበር። ቁጥሮቹን ስሠራ ግን ቁጥር ብቻ ነበሩ።

የእድገቴ ጉዳይ ጥቅምት 25 በሴኔት ይታያል። እስከዚያ ድረስ ብቻ ነገሩን ይያዙልኝ። ከዚያ በኋላ ለጆርናሉ እኔው ራሴ እጽፋለሁ፣ ቃሌ ነው። ሌላም አለ፤ ጽሑፉ «የዓመቱ ምርጥ ማኅበረሰብ ተኮር ምርምር» ተብሎ ሊሸለም ነው። የእድሩ ተወካይ ሆነው የምስክር ወረቀት እንዲቀበሉ መኪና ይላክልዎታል። እባክዎ ሄደው ይቀበሉ፣ ምንም አይናገሩ። እምቢ ቢሉ ጥያቄ ያስነሣብኛል።

ሐመልማል እንዴት ናት? እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ
ፍቅረማርያም


እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዶክተር ፍቅረማርያም፣

ሰላምታ አላስቀድምም።

ሐመልማል መስከረም 19 ቀን አርፋለች። ደብዳቤህ ሲደርስ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። ሶሬቲ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች። «ሚያዝያ ላይ እንኳ ብትመጣልኝ» አለችኝ። ሚያዝያ ማለት እኔ ደብዳቤህን ሳነብላት የሳቀችበት ወር ነው።

ወደ ሽልማቱ ሄጃለሁ። እንዳልከው መኪና መጣ። አዳራሹ ትልቅ ነው። በመድረኩ ላይ «በዓመቱ 1,146 የምርምር ጽሑፎች!» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ቦይ ውስጥ ብልቃጥ እንዳለው እያሰብኩ ተቀመጥኩ። በሐቅ የሚሠራም አይጠፋም ይሆናል፤ እንዲያ ያለው ሰው ከናንተ ጋር በአንድ ቁጥር መቆጠሩ ያሳዝነኛል። ወልደ ሐዋርያት አቅፎ ሳመኝ፣ ሽቶው እስካሁን ካፖርቴ ላይ አለ። ሐመልማልን አላነሣም። የማን ዘመድ መሆኗንም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስሜ ሲጠራ ወጣሁ። ብልቃጡን ከኪሴ አውጥቼ ሽልማቱን ከሚሰጠው ትልቅ ሰውዬ ፊት፣ ከዋንጫው አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ምንድን ነው አባት?» አለኝ እየሳቀ።

«የናንተ ናሙና ነው። ቦይ ውስጥ ወድቆ አግኝተን መልሰንላችኋል።»

«የምን ናሙና?»

«አክታ ነው ጌታዬ። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው አክታ። በጽሑፋችሁ ነጻ ናት ተብላለች።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ከጎኑ ያለችው ሴት መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። አንድ አስተናጋጅ ሮጦ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አልኮል ረጨበት፣ የኔም እጅ ላይ ረጨበት። የታጠበ መሆኑን አልነገርኳቸውም፤ አንዴ እንኳ ይጸየፉት ብዬ ነው። ሐመልማል አብራው የኖረችውን ነገር እነሱ ለሁለት ደቂቃ አልቻሉትም። ወልደ ሐዋርያት በጆሮዬ «ጋሼ፣ በኋላ እንነጋገራለን፣ ኮሚቴ ይቋቋማል» አለኝ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? የምስክር ወረቀቱን ሰጡኝ። ፎቶ አንሺው «አባት፣ ወደዚህ፣ ፈገግ ይበሉ» አለኝ። ከኋላ ያለው ሰው ምንም ስላልሰማ አጨበጨበ። ወረቀቱን እዚያው ወንበሩ ላይ ትቼው፣ ብልቃጤን ይዤ በእግሬ ወጣሁ።

እሑድ እድሩን ሰብስቤ ሁሉንም ተናገርኩ። የላክሃቸው አንተ እንደሆንክ፣ ማኅተሙን ያሳረፍኩት እኔ እንደሆንኩ። ስድሳ ሦስቱን ሰዎች ጤና ጣቢያ ሂዱ አልኳቸው፤ እስካሁን ሌሎች ሦስት ታመው ተገኝተዋል። ማኅተሙንና መዝገቡን አስረከብኩ። ማንም አልሰደበኝም። የባሻ ኢዶሳ ሚስት ብቻ «ባሌን ምን ብለው ጠየቁት?» አለችኝ።

መዝገቡን ከማስረከቤ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ 218 ኅዳግ ላይ በእርሳስ መስቀል ማድረግ ነበር። ሐመልማል እንዴት ናት ብለህ ጠይቀኸኛል። ካንተው ሠንጠረዥ አንብብ። ሴት፣ አርባ አንድ ዓመት፣ አትስልም፣ ውጤቷ በጊዜው ደርሷታል፣ ረክታለች። እዚያ ደህና ናት።

እስከ ጥቅምት 25 ያዙልኝ ያልከውን አልያዝኩልህም። ለጆርናሉ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ሰዓዳ በእንግሊዝኛ አድርጋዋለች። ማኅተሙ የኔ እንደሆነና ያረጋገጠው ነገር ሐሰት እንደሆነ፣ የሠላሳ ዘጠኙን ሙታን ስምና የሞቱበትን ዓመት፣ የሐመልማልን የጤና ጣቢያ ካርድ ቁጥር ጭምር ይዟል። ፈርሜበታለሁ። ከስሜ በታች ለፊርማህ አንድ መስመር ትቻለሁ፣ ስምህን እንጂ ማዕረግህን አልጻፍኩበትም። ሰዓዳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካልሃለች።

ሰኞ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ለጆርናሉ ትልከዋለች። ከፈረምክ በሁለት ስም ይሄዳል፣ ካልፈረምክ በአንድ።

በላይነህ አየለ